«አይ አም ቢዚ» ማለት ለሰለቸው

ወንድሜ፣ «ለአለቃዬም ለጓደኛዬም ‹አይ አም ቢዚ› ብቻ ነው የምለው፤ ሌላ ምን ልበል? ‹ቢዚ አዝ ኤ ቢ›ስ (እንደ ንብ ባተሌ) ያስኬዳል?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ቀኑን ሙሉ ከእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ጋር ስጻጻፍ ስለምውል የታዘብኩትን ልንገርህ።

«ቢዚ» በራሱ ምንም እንከን አይወጣለትም። የሚጎረብጠው ብቻውን ሲቀር ነው። ሰው አንድ ነገር ለምኖህ «አይ አም ቢዚ» ብለህ ዝም ካልክ «አትነዝንዘኝ» ያልከው ያህል ነው። በምን እንደተያዝክና መቼ ፋታ እንደምታገኝ ጨምርበት፦ «አይ አም ኤ ቢት ቢዚ ዊዝ ዘ ሪፖርት። ካን አይ ኮል ዩ አት ፎር?» በል። «ኤ ቢት» የምትለዋ ብዙ ታለዝባለች፣ ሥራው አናትህ ላይ ወጥቶም ቢሆን።

ለአለቃም ለደንበኛም የማያሳፍርህ «አይ አም ታይድ አፕ አት ዘ ሞመንት» ነው። ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ወይም የጀመርኩት ነገር ይዞኛል፣ ስጨርስ አገኝሃለሁ የሚል መንፈስ አለው። ከ«ማይ ሃንድስ አር ታይድ» ጋር ግን እንዳታምታታው! ይሄኛው መመሪያው ወይም የበላይ አካል ስለከለከለኝ ላደርገው አልችልም ማለት ነው። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ልጅ ሥራ ወጥሮት ሳለ ይህንን ለአለቃው ጻፈለት። አለቃው ወዲያው «ማነው የከለከለህ? እኔ ላናግረው» ብሎ መለሰ። ልጁ ምን ይበል? ከሥራው ብዛት በቀር የከለከለው የለም። እሱ ሊል የፈለገው «አይ ሃቭ ማይ ሃንድስ ፉል» ነበር፤ እጄ ሙሉ ነው፣ ሌላ ልጨምርበት አልችልም እንደማለት።

ተጨማሪ ሥራ ሊጭኑብህ ሲሉ ደግሞ «አይ ሃቭ ኤ ሎት ኦን ማይ ፕሌት ራይት ናው» በል። እምቢታ ነው፣ ግን ለስላሳ።

ከጓደኛ ጋር ሲሆን ማጋነን ይቻላል። «አይ አም ስዋምፕድ» በየቀኑ የምሰማው ነው፤ በሥራ ተጥለቅልቄያለሁ ማለት ነው። እንግሊዞቹ በረዶ እንደወረደበት ሰው «ስኖውድ አንደር» ማለት ይወዳሉ፤ አሜሪካኖቹ «ስላምድ» ይላሉ። «ራሽድ ኦፍ ማይ ፊት» የእንግሊዞች ነው፤ እንደ አስተናጋጅና ነርስ ወዲያ ወዲህ ሲሉ ለሚውሉ ነው የሚያምረው። ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠህ ብትለው የሚከለክልህ ባይኖርም እኔ ግን አልለውም።

«ሄክቲክ» (ሩጫና ግርግር የበዛበት) የሚባለው ለቀኑ፣ ለሳምንቱ ወይም ለፕሮግራሙ ነው። «አይ አም ሄክቲክ» አትበል፤ «ኢት ሃዝ ቢን ኤ ሄክቲክ ዊክ» በል።

«ኢንጌጅድ»ንም ተጠንቀቅልኝ። እንግሊዝ አገር የስልክ መስመር ሲያዝ «ኢንጌጅድ» ይባላል (አሜሪካኖች ለዚያም «ቢዚ» ነው የሚሉት)፣ የመጸዳጃ ቤት በር ላይም ታገኘዋለህ። አንተ ግን ዝም ብለህ «አይ አም ኢንጌጅድ» ካልክ «እንኳን ደስ ያለህ፣ ሠርጉ መቼ ነው?» መባልህ አይቀርም።

ሰዋስው ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው፦ «ቢዚ ቱ ራይት» ሳይሆን «ቢዚ ራይቲንግ»፤ ስም ከተከተለ ደግሞ «ቢዚ ዊዝ»። «ቱ» (to) የሚመጣው ከ«ቢዚ» በፊት ሌላ «ቱ» (too፣ ከመጠን በላይ) ሲኖር ነው፤ «አይ አም ቱ ቢዚ ቱ ቶክ» ማለት ለማውራት እንኳ ጊዜ የለኝም ነው።

ንቧን በተመለከተ፣ «ቢዚ አዝ ኤ ቢ» ትክክል ነው፣ ግን ያረጀ ነው። ሲጠቀሙበት የምሰማው ስለ ሌላ ሰው ትጋት፣ በተለይ ስለ ልጆች ሲያወሩ ነው። ለአለቃህ ኢሜይል ላይ አትጻፈው፤ ለጓደኛህ ግን እየቀለድክ ብትለው ምንም አይደል።