ስኳር ያለባት ልጅ ትምህርት ቤት ስትገባ፦ ቦርሳዋን ለቢሮ አታስረክቢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጅሽ 7 ዓመቷ ነው፤ ዓይነት 1 ስኳር እንዳለባት ከታወቀ ገና ሁለት ወሩ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ "መለኪያዋንም መድኃኒቷንም ቢሮ አስረክቢ፣ እኛ እንይዝላታለን" ብሎሻል። "አምኜ ልተውላቸው ወይ?" ነው ጥያቄሽ። እኔ አምኜ ትቼላቸው ነበር። የእኔ ልጅ ሲታወቅበት 8 ዓመቱ ነበር፣ ዛሬ 14 ሞልቶታል። የበሽታውን ምንነትና የመርፌውን አወጋግ ሆስፒታል አስተምረውሻልና እሱን ልዝለለው። ትምህርት ቤት ውስጥ የሚገጥምሽን ልንገርሽ።

1. ቦርሳዋ ከእሷ አይለይ። ያልተከፈተው ኢንሱሊን፣ ማለትም ስኳሯን የሚያወርደው መርፌ፣ ቢሮ ያለው ፍሪጅ ውስጥ ቢቀመጥ ችግር የለውም፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚፈልገው። በረዶ ቤቱ ውስጥ እንዳይከቱት ብቻ አደራ በያቸው፤ አንዴ በረዶ ከሠራ ቢቀልጥም አይረባም፣ ይጣላል። መለኪያው፣ መብጫው፣ ስትሪፑ (ደሙ የሚነካባት የመለኪያው ወረቀት) እና ሲወርድባት የምትወስደው ፈጣኑ ስኳር ግን ልጅቷ ባለችበት ክፍል፣ እጅ የሚደርስበት ቦታ መሆን አለባቸው። ስኳር ሲወርድ ያለሽ ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው፣ መድኃኒቱም ያው ስኳር ነው። ተቆልፎበት የተቀመጠ ስኳር እንደሌለ ቁጠሪው።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። ያን ዓመት ሁሉንም ያሟላሁ መስሎኝ ነበር። የሐኪሙን ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ፤ "ማኅተሙ አይነበብም" ብለው መለሱኝ። እንደገና አስመትቼ ሄድኩ፤ "ኃላፊው የሉም" አሉኝ። በሦስተኛው ምልልስ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ደብዳቤውን አንድ መስመር እንኳ ሳያነብ ፋይል ውስጥ ከተተውና፣ ሌሎች ወላጆች ቆመው እየሰሙ፣ "እኛ ትምህርት ቤት ነን እንጂ ሆስፒታል አይደለንም፤ ይህን ያህል የሚያስፈራሽ ከሆነ ቤት አስቀምጪው" አለኝ። ከማያውቀው ሰው ጋር እያወራ "አንቺ" ማለቱ እንኳ አልታወቀውም። ዋጥ አድርጌ ወጣሁ። ቦርሳውን ለጸሐፊዋ ሰጠኋት፣ እሷም ቁም ሳጥኑን ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ከተተች፣ እኔም "አለቀ" ብዬ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ትልቁ ስህተቴ ይህ ነው። ደብዳቤው ፋይል ውስጥ ገባ እንጂ ልጄን ከሚያስተምሩት መካከል አንድም ሰው አላየውም።

የፈተና ሰሞን ነበር። ፕሮግራሙ ተቀያይሮ የዕረፍት ሰዓቱ በአንድ ክፍለ ጊዜ ዘገየ፣ ስፖርት ደግሞ ከዕረፍት በፊት ሆነ። ልጄ ጠዋት ኢንሱሊኑን ተወግቶ፣ መክሰሱን በተለመደው ሰዓት ይበላል ተብሎ ነው ከቤት የወጣው። ኢንሱሊን አንዴ ከተወጋ ደወል አይጠብቅም፤ ሩጫው ሲጨመርበት ደግሞ ያለችውን ስኳር ጠራርጎ ይጨርሳታል። ከስፖርት በኋላ የገባችው ተተኪ መምህርት ነበረች። ልጄ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። "ተነስ" ስትለው ተነሳና ሳቀ። አንጎል ስኳር ሲያጣ ልጅ ይነጫነጫል፣ ያለቅሳል፣ ያለ ምክንያት ይስቃል፣ ሌላ ሲጠይቁት ሌላ ይመልሳል። ይህን ማንም ላልነገራት ሴት ጥጋብ ቢመስላት አልፈርድባትም። ከክፍል አስወጥታ ግድግዳው ሥር አቆመችው። እሱ እየተንገዳገደ ቢሮ ድረስ ሄደ፤ ጸሐፊዋ ስብሰባ ላይ ነበረች፣ ቁልፉም ከእሷ ጋር።

ደረጃው ላይ ተቀምጦ ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ሸሚዙ በላብ ከጀርባው ላይ ተጣብቋል፣ ከንፈሩ ነጥቷል፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ የሸሚዙን አንዲት ቁልፍ ይፈታል፣ መልሶ ይቆልፋል፣ ደግሞ ይፈታል። "ምን ሆንክ ልጄ?" ስትለው "ስኳር" አላት። ሌላ ቃል አልወጣውም። ለሻይዋ በወረቀት ጠቅልላ የያዘቻትን ስኳር ውኃ ውስጥ በጥብጣ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣችው። ገና መዋጥ ይችል ስለነበር ተረፈ። ቁልፉ ተገኝቶ ሲለካ 58 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) ነበር፣ ያውም ስኳሩን ከጠጣ በኋላ። ከ70 በታች ዝቅተኛ እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ከመጠጣቱ በፊት ስንት እንደነበር ሳስበው ዛሬም ሆዴ ይላወሳል። ለእኔ የደወሉት ደግሞ ፋይሉ ላይ ባለው በድሮው ቁጥሬ ነው። ስልክ ቀይሬ አላስመዘገብኩም ነበር፤ ይህን በማንም አላላክክም፣ የራሴ ጥፋት ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ ቁጥርሽን፣ የአባቷን፣ እናንተ በሌላችሁበት የሚደርስላትንም ሰው ቁጥር አስመዝግቢ፣ በየጊዜውም አረጋግጪ።

2. ወረቀቱን ለቢሮ ስጪ፣ ትምህርቱን ግን ከልጅቷ ጋር ለሚውሉት ሰዎች ስጪ። የክፍል ኃላፊዋን፣ የስፖርት መምህሩን፣ በሰርቪስ የምትሄድ ከሆነ ረዳቱን፣ የጽዳት ሠራተኞቹን። እኔ ከዚያ ቀን በኋላ ርዕሰ መምህሯ ዘንድ ገብቼ በመምህራን ስብሰባ ላይ 15 ደቂቃ ይሰጠኝ ብዬ ለመንኩ። ሁለት ጊዜ "አጀንዳ ሞልቷል" ተባልኩ። በሦስተኛው ቢሮዋ በር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋትና ፈቀደች። መለኪያውን ይዤ ገባሁና የራሴን ጣት እዚያው ፊታቸው በጣሁ። መጀመሪያ በኢንሱሊን የታከመው ሰው የ14 ዓመት ልጅ እንደነበር፣ ጊዜውም ጥር 1922 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንደሆነ፣ ከዚያ በፊት ይህ በሽታ የተገኘበት ልጅ ቀኑን ከመጠበቅ ሌላ ምንም ተስፋ እንዳልነበረው ነገርኳቸው። "የእናንተ ተማሪ ዕድሜ ነው" ስላቸው ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ እንደ አዲስ መጠየቅ ጀመሩ፤ 15 ደቂቃው አንድ ሰዓት ሆነ። ሲጀመር እጁን አጣምሮ ተቀምጦ የነበረው የስፖርት መምህር መጨረሻ ላይ "የእኔንም ብጪኝ" ብሎ ጣቱን ዘረጋ። ዛሬ ድረስ የስኳር እሽግ ከፊሽካው ጋር ኪሱ ውስጥ ይዞ ነው ሜዳ የሚወጣው።

ሁለት ነገር ብቻ ያዙልኝ አልኳቸው። ጸባዩ ድንገት ከተለወጠ ከመቆጣታችሁ በፊት ለኩት፤ መለኪያ ከሌለ ወይም ከጠረጠራችሁ፣ መዋጥ እስከቻለ ድረስ ስኳር ስጡት። ስኳሩ ወጥቶ ከሆነ አንዲት እሽግ ትንሽ ትጨምርበታለች፤ ወርዶ ከሆነ ግን መከልከሏ ነው የሚገድለው። ሁለተኛው፣ የትም ብቻውን አትላኩት። ጓደኛ መስጠትም አይበቃም፤ ልጅ ልጅን አይሸከምም። ትልቅ ሰው እዚያው አብሮት ይሁን፣ መድኃኒቱ ወደ እሱ ይምጣ። ሌላውን ቢረሱት እንኳ እነዚህን ሁለቱን አይረሱም።

3. ስኳሩን መጥነሽ፣ አሽገሽ ስጪ። ለትልቅ ሰው የሚባለው 15 ግራም ነው፤ ለ7 ዓመት ልጅ ግን ሐኪሟ በክብደቷ ያንሳል ሊልሽ ይችላል። በሻይ ማንኪያ ስንት እንደሆነ ጠይቂውና በየአንዱ እሽግ የአንድ ጊዜውን ጠቅልለሽ አስቀምጪ። 40 ልጅ የሚጮህበት ክፍል ውስጥ መምህሯን ግራም አታስቆጥሪያት። ከሰጧት በኋላ 15 ደቂቃ ጠብቀው እንደገና ይለኩ፤ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ይድገሙት። ቸኮሌት ለዚህ አይሆንም፣ ቅባቱ ስኳሩን ያዘገየዋል።

ራሷን ከሳተች ወይም መላ ሰውነቷ ከተንዘፈዘፈ (የእጅ መንቀጥቀጥ ብቻ ማለቴ አይደለም) ምንም ነገር በአፏ አይገባም። ስኳርም፣ ውኃም፣ ማንኪያም። በጎኗ ያስተኟት፣ ግሉካጎን (የወረደን ስኳር የሚያወጣ የድንገተኛ ጊዜ መድኃኒት) ካለና የሰለጠነ ሰው ካለ ይስጣት፣ አምቡላንስ ይጠራ። እዚህ ላይ በደንብ ስሚኝ፤ በዚያ ስብሰባ "ራሱን ቢስት ምን ታደርጋላችሁ?" ብዬ ስጠይቅ ሦስት መምህራን "ኢንሱሊኑን እንወጋዋለን" አሉኝ። ክፋት የለባቸውም፣ የስኳር መድኃኒት ኢንሱሊን ነው ሲባል ሰምተው ነው። ስኳሩ ለወረደ ልጅ ኢንሱሊን መውጋት ግን መግደል ነው። ካርዷ ላይ በትልቁ ጻፊው።

ስኳሯ ሲወጣባት ደግሞ ውኃ ይጠማታል፣ ሽንት ቤት ትመላለሳለች። "ገና አሁን ወጥተሽ የለ!" እንዳይሏት አስቀድመሽ ንገሪ። የእኔ ልጅ መከልከሉን ፈርቶ ስንት ቀን አምቆ እንደዋለ ያወቅኩት ሱሪው ረጥቦ ሲመጣ ነው። ማስመለስ ከጀመራት፣ ትንፋሿ ጥልቅና ፈጣን ከሆነ፣ አፏ ከመጠን በላይ እንደበሰለ ፍራፍሬ ከሸተተ "እስኪለቀቁ ድረስ ትተኛ" የሚባል ነገር የለም። ያኔውኑ ይደወልልሽ፣ ያኔውኑ ሆስፒታል።

እጅ መታጠብንም አትናቂ። ልጄ 10 ዓመቱ ላይ ፍራፍሬ ልጦ በልቶ፣ እጁን ሳይታጠብ ተለካና ከ250 በላይ አነበበ። ለኢንሱሊኑ ሊደውሉልኝ ሲሉ ያ የስፖርት መምህር "ቆይ፣ እጅህን ታጠብና እንደገና" አለው። 96! ጣቱ ላይ የቀረው የፍራፍሬ ጭማቂ ነበር። ይህን ማንም በዚያ ቀን አልነገረውም፤ ከስብሰባው ይዞት የቀረ ነው። ያን ቀን ስልኩ ላይ አመስግኜው አልጠገብኩም።

ቢሮ ስትሄጂ በምዝገባ ሰሞን አትሂጂ፣ ሰልፉን አይተው ያባርሩሻል። ትምህርት ከመከፈቱ ሳምንት ቀድመሽ፣ መምህራኑ በገቡበት ቀን ሂጂ። ከሐኪሙ ደብዳቤ ሦስት ቅጂ ያዢ፤ የምታስገቢው ላይ ቀንና ፊርማ አስደርጊበት፣ ያንኑ የተፈረመበትን ኮፒ አድርገሽ ለራሽ አስቀሪ። "አልደረሰንም" ከተባልሽ ታወጪዋለሽ፤ እኔ ሁለት ጊዜ አውጥቻታለሁ። "ቤት አስቀምጪያት" የሚልሽ ካለም አትዋጪው፣ እንደ እኔ አትሁኚ። በጽሑፍ እንዲሰጥሽ ጠይቂ። እኔ በኋላ ስጠይቅ የሚጽፍልኝ ጠፋ፣ ንግግሩም በዚያው ቀረ።

ልጅሽ ገና 7 ዓመቷ ስለሆነ ሲወርድባት ሁልጊዜ አይታወቃትም፣ ቢታወቃትም አፏ ይተሳሰራል። አንዲት ቃል ምረጪላት። የእኔ ልጅ ያችን አንዲት ቃል ባይላት ኖሮ ጽዳቷ እናት ትኩሳት መስሏት ጥላ ሥር ታስተኛው ነበር። ቃሏን በጨዋታ አለማምጃት፤ ስትሮጥ፣ ስታኮርፍ፣ እንቅልፍ ሲጥላት ድንገት ጠይቂያት። መምህሯም ያችን ቃል ትወቅ።

የክፍል ኃላፊዋ ማን እንደሆነች ስታውቂ ጻፊልኝ። በስብሰባው ላይ ያነበብኳት አንድ ገጽ ወረቀት አለችኝ፣ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ፤ ስሙንና መጠኑን ቀይረሽ፣ ሐኪሟን አሳይተሽ ተጠቀሚባት።