«ጠዋት ጠዋት ሆዴን ይላል»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። ወንድሜ ከምሳ በኋላ ጫት ይዞ ይቀመጣል፤ ማታ ለጨብሲ አረቄ ቤት ይሄድና እኩለ ሌሊት እየጮኸ ይገባል። ሚስቱ ሁለተኛውን ከወለደች አምስት ወሯ ነው፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች። የ8 ዓመቱ ልጃቸው ከተወ ቆይቶ የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት እንደገና ጀመረ፤ ጠዋት ጠዋት ሆዴን ይላል። የወስፋት መድኃኒት ሦስት ጊዜ ሰጠነው። ቡዳ ነው የሚሉም አሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጁ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይታይ፤ የሽንት ኢንፌክሽንና ስኳር ይመርመር። ከዚያ ውጪ ግን ልጁን የያዘው ፍርሃት ይመስለኛል።

እኔም ያደግኩት አረቄ በማይለየው አባት ቤት ነው። የቆርቆሮ በራችን ሲንኳኳ ስንት እንደጠጣ ከድምፁ አውቅ ነበር። በእጁ ካንኳኳ እተኛለሁ፤ በእግሩ ከሆነ ታናሽ ወንድሜን ይዤ አልጋ ሥር እገባለሁ። ሌሊቱን ዘብ ሲቆም ያደረ ልጅ ጠዋት ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ቁርስ አይወርድለትም፣ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። ስለ ሽንቱ አትቆጡት፤ በሰው ፊትም አታንሱበት።

ሕፃኑንም አደራ። ቡታጅራ አካባቢ ከ1 ሺህ በላይ ነፍሰ ጡሮችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች፣ ጭንቀቱ ከወሊድ በፊትም በኋላም ባልለቀቃቸው እናቶች ልጆች ላይ ተቅማጥ በዝቶ አግኝተዋል። አያስደንቀኝም፤ ከአልጋ መነሳት ያቃታት እናት ውኃ አፍልታ፣ ዕቃ አጥባ፣ በሰዓቱ ማጥባት ከየት ይምጣላት? ልጇን ጠልታ አይደለም፣ ታማለች።

ስለዚህ ከእሷ ይጀምሩ። ድብርት ይታከማል። ጠበሉም ዱዓውም ይቀጥል፣ መድኃኒት ከታዘዘላት ግን አታቋርጥ። «ብሞት ይሻለኛል» ካለች ወይም ሕፃኑን እጎዳለሁ ብላ ከፈራች ብቻዋን አትተዋት፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይውሰዷት።

ወንድምዎን በምርቃና ሰዓት አይምከሩት፤ ጠዋት፣ ሲረጋጋ ያናግሩት። በየቀኑ የሚጠጣ ከሆነ ያለ ሐኪም በአንድ ጊዜ አያቁም፤ ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊጥለውም ይችላል።

ልጁን ከተቻለ ለጥቂት ሌሊት ቤትዎ ያሳድሩት፣ እንቅልፍ ይጥገብ። «አባትህ የሚጠጣው፣ እናትህም የታመመችው ባንተ ጥፋት አይደለም» ብለው በአፍዎ ይንገሩት። እኔን ይህን ያሉኝ ጎረቤታችን የነበሩ እናት ናቸው፤ እኔና ወንድሜ ሮጠን እንድንገባ ሌሊት በራቸውን ሳይቀረቅሩ ያድሩ ነበር።