«በተለያዩ የንግድ ሥራዎች ተሰማርተው»

ለምክር አምዱ አዘጋጅ፣

እናቴ ባለፈው ዓመት በ78 ዓመቷ አረፈች። በቀብሯ ዕለት የተነበበው የሕይወት ታሪክ የትውልድ ቦታዋን፣ ትዳሯንና የልጆቿን ቁጥር ከዘረዘረ በኋላ «በተለያዩ የንግድ ሥራዎች ተሰማርተው ልጆቻቸውን አሳድገዋል» ብሎ አለፈ። ከአርባ ዓመት በላይ የደከመችበት ሥራ በዚህች ዓረፍተ ነገር ተጠቅልሎ ቀረ። ድሬዳዋ ላይ ማንም አንቱ ብሏት የማያውቅ ሴት፣ በዚያ ወረቀት ላይ የማላውቃት ወይዘሮ ሆነችብኝ።

እናቴ በ1964 ዓ.ም. የኤረር ብርቱካን በቅርጫት ይዛ ምድር ባቡር ጣቢያው በር ላይ መሸጥ ጀመረች። ብዙም ሳትቆይ ራሷ ባቡሩ ላይ ወጣች። ብርቱካንና ሽንኩርት ጭና በሽንሌ፣ በአዲጋላና በአይሻ በኩል ጅቡቲ ትገባለች፤ ስትመለስ ልብስና ሽቶ ይዛ ትመጣለች። ድንበሩ ላይ ባለችው ደወሌ ጣቢያ ፊናንሶች (የጉምሩክ ጠባቂዎች) ሲፈትሹ፣ በዚያ ሐሩር አራት ቀሚስ ደርባ ላብ እያጠመቃት «በርዶኛል» ብላ ስለተቀመጠችበት ቀን ስትነግረን እየሳቀች ነበር። ሁለት ጊዜ ግን ሙሉ ጭነቷ ተወርሶባታል።

በ1969 ዓ.ም. ክረምት ከሶማሊያ ጋር የተነሳው ጦርነት ሐዲዱን ሲቆርጠው ዕቃዋ ሁሉ ጅቡቲ ቀርቶ ባዶ እጇን ገባች። በወሩ ቀፊራ ገበያ በርበሬና ሽሮ ዘርግታ ተቀመጠች። መንገዱ ሲከፈት፣ «እኅቴ» የምትላት የሶማሌ ነጋዴ አንዲት ጨርቅ ሳታጎድል ዕቃዋን ጠብቃ አስረከበቻት። በ1985 ዓ.ም. ደቻቱ ወንዝ አጠገብ ትንሽ የልብስ ሱቅ ከፈተች። ብዙ ሰው የጨረሰው የ1998 ዓ.ም. ጎርፍ ሱቁን ሲያጥበው፣ የዱቤ ደብተሯ ገጾቹ ተጣብቀው፣ ቀለሙ ፈስሶ ከጭቃ ውስጥ ወጣ። ከሰል ምድጃ አጠገብ አደረቀችው። የሚነበበውን እኔ እያነበብኩ፣ የጠፋውን እሷ በቃሏ እየጠራች፣ ሦስት ሌሊት አዲስ ደብተር ላይ ገለበጥን።

አሁን ለሙት ዓመቷ በምናሳትመው ትንሽ መጽሔት ታሪኳን እንድጽፍ ቤተሰቡ አደራ ሰጥቶኛል። ታላቅ ወንድሜ ግን የኮንትሮባንዱ ነገር እንዳይነሳ አጥብቆ አስጠንቅቆኛል፤ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ያሳፍረናል ይላል። ባቡሩን ትቼ ስለ እናቴ ምን ልጽፍ እችላለሁ? የደብተሩን ገጾችስ ፎቶ አንስቼ ባሳትም ነውር ይሆናል?

የመጨረሻ ልጇ፣ ከድሬዳዋ

የአምዱ አዘጋጅ መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣

ነፍስ ይማር። የቀብር ቀን ታሪክ በአንድ ሌሊት እንባ እየተዋጠ የሚጻፍ በመሆኑ፣ ከሌላ ሰው ቀብር የተቀዳ ቢመስል አይፈረድበትም። የሙት ዓመቱ ጽሑፍ ግን ጊዜ ስላለው፣ ያ ዓረፍተ ነገር የሸፈነውን ሁሉ ሊያወጣ ይገባል ብዬ አምናለሁ። አንቱታው ለቦታው የሚስማማ ስለሆነ በትረካው ይቆይ፤ እናትዎ የተናገሩትን ግን በድሬ አፍ እንደተናገሩት ያስቀምጡት። ያን ጊዜ ወይዘሮዋም እናትዎም በአንድ ገጽ ላይ ይገኛሉ።

የወንድምዎ ስጋት ከንቱ አይደለም፤ ያለ ቀረጥ ዕቃ ማሳለፍ ያኔም ዛሬም ከሕግ ጋር ያጋጫል። ይሁን እንጂ ድሬዳዋ ራሷ ሐዲዱ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላቃተው በ1895 ዓ.ም. ሜዳው ላይ የተቆረቆረች የባቡር ልጅ ናት። በዚያ ግቢ ከሚሰበሰበው ሰው መካከል እናቱ ወይም አክስቱ ከዚያ ባቡር እንጀራ ያልበላች ብትፈልጉ ብዙ የምታገኙ አይመስለኝም። «ኮንትሮባንድ» የሚለውን ቃል መጻፍ ግድ አይደለም፤ አራቱን ቀሚስና ፊናንሱን ከጻፉ አንባቢው የቀረውን ያውቃል። ነገሩን እንደ ጀብዱ ብቻ አያሞግሱት፤ የተወረሰውንም ጭነት አይዝለሉት።

እንዲያውም ከደብዳቤዎ ሁሉ ማወቅ የፈለግሁት ያልነገሩኝን ነው፤ ጭነቱ በተወረሰ ማግስት እናትዎ በማን ገንዘብ እንደገና ጀመሩ? ዕቁብ ቀድሞ ወጥቶላቸው ነው፣ ወርቃቸውን ሸጠው፣ ወይስ ብርቱካኑን በዱቤ የሰጣቸው የኤረር ገበሬ ታግሷቸው? የአነስተኛ ነጋዴ ድፍረት ከባቡሩ ይልቅ እዚህ ላይ ይታያል። በደረቀ እጅ ተነስቶ አበዳሪው ፊት መቆምን የሚያህል ጉዞ የለም። ይህንን ሳያጣሩ መጻፍ አይጀምሩ።

የደብተሩን ገጾች ግን አያሳትሙ። በዚያ ውስጥ ያሉት የጎረቤት ስሞች ናቸው፤ ዕዳቸውን የከፈሉም ያልከፈሉም፣ ልጆቻቸው መጽሔቱን ይዘው የሚቀመጡ ሰዎች ናቸው። እናትዎ ስማቸውን በቃላቸው የያዙት ለአደባባይ አልነበረም። ከሰሉን፣ የተጣበቀውን ገጽና ሦስቱን ሌሊት በጽሑፍ ቢያሳዩን ይበቃል፤ ፎቶ ካስፈለገ የተዘጋው ደብተር ሽፋን ከነጭቃ ምልክቱ ይነሳ። ፈታሽ ሆኖ ያሳለፋቸው ወይም ዕቃ የደበቀላቸው ሰው ካለም ስሙ አይጠራ።

ዕቃውን የጠበቁት ነጋዴ በሕይወት ካሉ፣ ስልክ ሳይሆን እግርዎ ይሂድ። ጅቡቲ ነፃነቷን ያወጀችው በዚያው በ1969 ዓ.ም. በሰኔ ወር ነው፤ በሁለት ወር ውስጥ ድንበሩም፣ ሐዲዱም፣ ገበያውም ሲናወጥ የሰው ዕቃ በአደራ ያቆዩት እኚህ ሴት፣ እናትዎ በዝምታ ያለፉትን ሁሉ ሊያውቁ ይችላሉ። እናትዎ ሲያርፉ ቤተሰቡ ለእኚህ ሴት መርዶ ነግሯቸው እንደሆነም ደብዳቤዎ አይልም። ካልተነገራቸው ከጥያቄው በፊት ያንን ያድርሱ፤ ሙት ዓመቱ ላይም በክብር ይጠሩ።

ወንድምዎን በተመለከተ፣ ጽሑፉን ጨርሰው ይሁንታ ለመጠየቅ አይሂዱባቸው፤ ገና ባዶ ወረቀት ይዘው ይሂዱ። እርስዎ ያኔ አልተወለዱም ይሆናል፤ እርሳቸው ግን ታላቅ ናቸው። በ1969 ክረምት እናታቸው ባዶ እጃቸውን ሲገቡ ምን ለብሰው እንደነበር፣ ምን እንደተናገሩ፣ በኋላም ለገበያው በርበሬውን ማን እንደወቀጠ ይጠይቋቸው። በሩን የከፈቱላቸው እርሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።