«ታሪካዊ» የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ «ሂስቶሪክ» እና «ሂስቶሪካል» የሚባሉ ሁለት ቅጽሎች አሉ። ሁለቱም በአማርኛ «ታሪካዊ» ተብለው ሲተረጎሙ አያለሁ። በእርግጥ የትርጉም ልዩነት አላቸው? ካላቸውስ በአማርኛ እንዴት ልንለያቸው እንችላለን?

መልስ፦ ልዩነታቸው ግልጽ ነው። «ሂስቶሪክ» የተናጋሪውን ፍርድ የያዘ ቃል ሲሆን፣ የሚገልጸው ነገር በታሪክ ውስጥ ጉልህ ስፍራ የሚሰጠው መሆኑን ይናገራል፤ ፍርዱ ግን የግድ ምስጋና አይደለም፤ ከባድ ሽንፈትም «ሂስቶሪክ» ሊባል ይችላልና። «ሂስቶሪካል» በአንጻሩ ነገሩ ካለፈው ዘመን ወይም ከታሪክ ጥናት ጋር የተያያዘ መሆኑን ብቻ ያመለክታል። የሰው ልጅ እ.ኤ.አ. በ1969 ጨረቃን የረገጠበት ዕለት «ሂስቶሪክ» ነው፤ ስለዚያ ዕለት የተጻፈ ጥናት ደግሞ ማንም ባያነበው እንኳ «ሂስቶሪካል» ከመባል አይቀርም። በቀደሙት መቶ ዓመታት የእንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ሁለቱን እያቀያየሩ ይጠቀሙባቸው ነበር፤ ዛሬም የሚያምታታቸው አይጠፋም። ተውሳከ ግሡ ላይ ሲደረስ እንዲያውም ልዩነቱ ጨርሶ ይጠፋል፤ ለሁለቱም የሚያገለግለው «ሂስቶሪካሊ» ብቻ ነው።

ወደ አማርኛ ስንመጣ፣ «መንፈሳዊ» እና «ዓለማዊ» በሚሉት ቃላት የምናገኘው ከግዕዝ የወረስነው «ኣዊ» የተባለው ቅጥያ ሁለቱንም ሥራ ደርቦ ስለሚሠራ፣ «ታሪካዊ» የሚለው ቃል ብቻውን ሲቆም ሁለት ፍቺ ይኖረዋል። ይሁን እንጂ ቋንቋችን መለያ አላጣም። «የታሪክ ጉባኤ» ስንል ስለ ታሪክ የሚመክር ስብሰባ ነው፤ «ታሪካዊ ጉባኤ» ስንል ግን የመከረው ስለ ቡና ወይም ስለ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ታሪካዊ ያሰኘው ያስከተለው ውጤት ነው። የዘርፍ አመልካቹ «የ» ዝምድናን ብቻ ሲያሳይ፣ ቅጽሉ ወደ ምዘና ያደላል። ለመፈተኛ «በጣም» የሚለውን ቃል ከፊት ማስገባት ይበቃል፦ «በጣም ታሪካዊ ቀን» ያስኬዳል፤ «በጣም ታሪካዊ ልቦለድ» ግን ጆሮን ይቆረቁራል፤ ዝምድና መጠን የለውምና።

«ታሪካዊ ልቦለድ» እና «ታሪካዊ ተውኔት» የመሳሰሉት ሐረጎች አስቀድመው የጸኑ ስለሆኑ፣ ለደንቡ ሲባል «የታሪክ ልቦለድ» እያሉ ማረም አስፈላጊ አይመስለኝም። ችግሩ የሚመጣው «ታሪካዊ ሰነድ» እንደሚለው ባለ አሻሚ ሐረግ ነው። ሰነዱ ስለ ጥንት የሚናገር ብቻ ከሆነ «የታሪክ ሰነድ»፣ ራሱ የነገሮችን አካሄድ የለወጠ ከሆነ ደግሞ «ታሪክ የለወጠ ሰነድ» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ተመሳሳይ ጥንዶች ሌሎችም አሉ፤ ከሁሉ ይልቅ ስሕተት የሚበዛው በ«ኢኮኖሚክ» እና በ«ኢኮኖሚካል» ላይ ነው። የመጀመሪያው «የኢኮኖሚ» ወይም «ኢኮኖሚያዊ» ሲሆን፣ ሁለተኛው «ቆጣቢ» ማለት ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ነዳጅ የሚፈጅን መኪና «ኢኮኖሚያዊ መኪና» ማለት ትርጉም አይሆንም፤ «ነዳጅ ቆጣቢ» ነው መባል ያለበት። «ኤሌክትሪክ» እና «ኤሌክትሪካል» ግን አያስቸግሩንም፤ በእንግሊዝኛ ጊታሩ «ኤሌክትሪክ»፣ ምህንድስናው «ኤሌክትሪካል» ቢባልም፣ በአማርኛ ሁለቱም «የኤሌክትሪክ» ተብለው ያለ አንዳች ብዥታ ይታወቃሉ።