«ሰላቴ ይበቃል ወይ?» ብለው ለጠየቁት የአዲስ ዓለም ነዋሪ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ጎንደር፣ አዲስ ዓለም፣ አባታቸው ትተውት ባለፉት ቤት ይኖራሉ። የፊት ለፊቱን ክፍል አረንጓዴ ምንጣፍ አንጥፈው ጎረቤት ጭምር የሚሰግድበት አድርገውታል። «ወቅፍ ብየዋለሁ» ይላሉ፤ ለአላህ ብዬ ለዘለቄታው ሰጥቼዋለሁ ማለታቸው ነው። በቅርቡ ታናሽ እህታቸው በሩ ላይ ቆማ «የሰው ሐቅ ላይ የተሰገደ ሰላት አይቆጠርም» አለቻቸው። ሰላቴ ይበቃል ወይ? እሷስ እንዲህ ማለት ትችላለች ወይ? ብለው ጽፈዋል።

ወንድሜ፣ እኔ ጠበቃ እንጂ ሙፍቲ፣ የሃይማኖት ብይን ሰጪ፣ አይደለሁም። ይህን የሚያምኑበት ሸኽ ጋ ይውሰዱት። ሰላት የሚበቃባቸውን ነገሮች፣ ውዱእ (ትጥበቱ)፣ የልብስና የቦታ ንጽህና፣ ሰዓት፣ ቂብላ (ወደ መካ መዞር)፣ ኒያ (የልብ ሐሳብ)፣ እነዚህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቋቸዋል። በግፍ በተያዘ ቦታ ላይ ስለተሰገደ ሰላት ግን ዑለማዎቹ፣ የሃይማኖቱ ሊቃውንት፣ ተለያይተዋል። በሐነፊ፣ በማሊኪና በሻፊዒ መዝሃብ (የእስልምና ሕግ መንገድ) ሰላቱ ይበቃል፣ ሰውየው ግን ቦታውን በመያዙ ኃጢአት አለበት። በሐንበሊ መዝሃብ የታወቀው ቃል ደግሞ ሰላቱ አይበቃም የሚል ነው። እህትዎ ነገሩን ከራሷ አላመነጨችውም። መናገር ትችላለች ወይ ላሉት፣ አዎ፣ ትችላለች።

አሁን ወደ እኔ ሥራ ልምጣ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የምንጣፉን ቀለም ሳይቀር ነግረውኛል። አባትዎ መቼ እንደሞቱ ግን አልነገሩኝም። ስንት ልጆች እንደሆናችሁ የለም። ካርታው በማን ስም እንዳለ የለም። መሐል ላይ «የሱቁ ተከራይም አብሮን ይሰግዳል» የምትል ግማሽ መስመር አለች። ሱቅ ካለ ኪራይ አለ። ማን ነው የሚበላው? «ወቅፍ» የተባለውስ እህትዎ ድርሻዋን ከመጠየቋ በፊት ነው ወይስ በኋላ? አይቆጡኝ፣ ዳኛውም መጀመሪያ የሚጠይቅዎት ይህንኑ ነው።

ሕጉን ባጭሩ ልበልና ልለፍ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 842 የሟች ልጆች እኩል ይወርሳሉ። በሸሪዓ ከሆነ የሴት ልጅ ድርሻ የወንዱ ግማሽ ነው። በሁለቱም እህትዎ ባዶ እጇን አትወጣም። በየትኛው ይታይ የሚለውን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) ለተከራካሪዎች ፈቃድ ትቶታል። ፈቃድ ማለት የሁለቱም ነው። በ1996 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ በአንድ የውርስ ክርክር ተከራካሪዎች እየተቃወሙ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የተሰጠ ውሳኔ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ወስኗል። ወቅፉንም በተመለከተ፣ የእህትን ድርሻ ወንድም ወቅፍ ሊያደርገው አይችልም። የራስዎ ድርሻ ቢሆን እንኳ በቃል ብቻ አይሆንም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በግልጽ እንደሚደረግ ኑዛዜ ባለ ሥርዓት ካልተደረገ አይጸናም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 2443 ጠበቃዎ ያሳይዎት።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ደብዳቤዎ ላይ «እስከ ዛሬ ዝም ብላ ኖራ» ብለዋል። ይህችን ቃል ከስንት ወንድም አፍ እንደሰማኋት!

ነገሩ ሁሌም አንድ ነው። አባት ይሞታል። ወንድ ልጅ ቤቱ ውስጥ ይቀራል። እህት ይሉኝታ ይይዛታል፣ ወንድሟን ፍርድ ቤት ማቆም ያሳፍራታል። ዒድ በመጣ ቁጥር ልጆቿን ይዛ ትመጣለች፣ ቡና ትጠጣለች፣ ስቃ ትሄዳለች። ወንድም ይህን አይቶ «ድርሻዋን ለቃልኛለች» ብሎ ይደመድማል። ቤቱን ያድሳል፣ ሱቅ ያወጣል፣ ያከራያል። ከዚያ አንድ ቀን ባሏ ይሞታል ወይም ልጇ ሥራ ያጣል፣ እሷም በሩ ላይ ትቆማለች። ዝም ያለችው ለቃ አልነበረም።

አንድ ደንበኛዬ «ወረቀት አለኝ» ብሎ ከፌስታል ውስጥ የካሬ ደብተር ቅጠል አወጣልኝ። «ድርሻችንን ለወንድማችን ለቀናል» ይላል። ሁለት የአውራ ጣት አሻራ አለበት፣ አንዱ ተድበስብሷል። ቀን የለውም። ምስክሮቹ የራሱ ጓደኞች ናቸው፣ አንደኛው ሞቷል። ችሎት ላይ እህቱ «የፈረምኩት ለመብራት ቆጣሪ ነው ተብዬ ነው» አለች። እሱም አንገቱን ደፋ። እኔም ከዚያ በላይ የምለው አልነበረኝም።

«ሦስት ዓመት አልፏታል» የሚል መካሪም አይጠፋም። በርግጥ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1000 ወራሽ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ በኋላ 3 ዓመት ዝም ካለ ጥያቄው ይታገዳል ይላል። ባልተከፋፈለ ውርስ ላይ በጋራ ወራሾች መካከል ግን ክርክሩ ሌላ መልክ አለው፤ ክፍፍልን በማንኛውም ጊዜ መጠየቅ ይቻላል የሚል ድንጋጌም አለ። ቡና ላይ በሰሙት ምክር ቤትዎን አያስይዙ። እርስዎም ወራሽ ነዎትና ቀማኛ አልልዎትም። እሷን ከበር መመለስና ኪራዩን ብቻዎን መብላት ግን ወደዚያው ያስጠጋዎታል።

ሰነድ ይሰብስቡ። ካርታው፣ የግብር ደረሰኞች፣ የሞት ማስረጃ፣ የኪራይ ውሎች፣ ካለ የወራሽነት ማስረጃ። ማስረጃውን ብቻዎን ያወጡት ከሆነና የእህትዎ ስም ከሌለበት ለጠበቃዎ አሁኑኑ ይንገሩት፣ አይደብቁት። ቤቱን ለማደስ ያወጡትንም ደረሰኝ ይያዙ፤ ያ የእርስዎ ሐቅ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የሚመጣውን ኪራይ ለብቻ ሒሳብ ያስቀምጡት።

አንድ ነገር ቀረኝ። ደብዳቤዎን ሲጨርሱ «መልሱን ከወሩ 20 በፊት ቢያደርሱልኝ» ብለዋል። ለሰላት ጥያቄ እንዲህ ያለ ቀነ ገደብ አይሰጥም። መጥሪያ ሳይደርስዎት አልቀረም። እንዲያ ከሆነ እዚህ ጋ ዝምታ የሚጎዳው እርስዎን ነው። በፌዴራሉ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 188/1992 መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ በዚያ ፍርድ ቤት ለመዳኘት እንደተስማማ ይቆጠራል። የእኛ ክልል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የራሳቸው አዋጅ አላቸውና እሱን ከጠበቃ ጋር ያገላብጡት። መደበኛ ፍርድ ቤት ከሆነም ካልቀረቡ በሌሉበት ይታያል። በየትኛው ፍርድ ቤት እንደተከሰሱ ወረቀቱ አናት ላይ ተጽፏል። በሸሪዓ ለመዳኘት የሚሞላ የፈቃድ ቅጽ አብሮት ካለ ምንም ሳይሞሉበት፣ ነገ ጠዋት ወረቀቱን እንዳለ ይዘው ጠበቃ ጋ ይሂዱ።