የዋሽንግተኑ መንገድ ይቆይና የባትዎ ነገር

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 61 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ጎንደር አራዳ ነው። ልጄ ዋሽንግተን ልትወልድ ነውና ገንፎ ላገንፋላት ከሁለት ሳምንት በኋላ እሄዳለሁ። መንገዱ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ሰማይ ላይስ ስንት ሰዓት እቆያለሁ? የደም ግፊት አለብኝ፣ አምሎዲፒን እወስዳለሁ። ሰዉ “እዚያ ላይ አየር ያጥራል፣ ደም ይረጋል” እያለ ያስፈራራኛል። ለቪዛ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ደርሼ ከመጣሁ ወዲህ ደግሞ ግራ ባቴ አብጦ ያመኛል። ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ገዝቼ እየዋጥኩ፣ ወጌሻም እያሸኝ ዘጠኝ ቀን ሆነኝ።

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎን ማርያም በሽልም ታውጣት።

ከጎንደር አዲስ አበባ በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። ከዚያ ዋሽንግተን በቀጥታ ሲለካ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲሄዱ ብዙ ጊዜ መሃል ላይ ነዳጅ ለመሙላት ስለሚታረፍ 16 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ሲመለሱ 13 ሰዓት አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ነዳጁን ጢም አድርጎ ለመነሳት ይከብደዋል።

የአየሩን ፍርሃት ይተዉት። የአውሮፕላን ውስጥ አየር የሚስተካከለው ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሰው እንደሚተነፍሰው ተደርጎ ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አራዳ ቡና ሲያፈሉ የሚተነፍሱት አየር ነው ማለት ነው።

እኔን ያስደነገጠኝ በደብዳቤዎ መጨረሻ ያስገቡት ባት ነው። ደም የሚያረጋው ሰማዩ ሳይሆን እግር አጥፎ ለሰዓታት መቀመጥ ነው፤ ከአዲስ አበባ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተቀምጠው መጥተዋል። አምሎዲፒን እግር ያሳብጣል፣ እውነት ነው፤ ግን ሲያሳብጥ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ቁርጭምጭሚት ነው። አንድ እግር ብቻ ሲያብጥ፣ ባት ሲያም፣ ሲሞቅ ወይም ሲቀላ ጥልቁ የደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። በስፌት ሜትር ከጉልበትዎ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ወርደው ሁለቱንም ባት ቢለኩ፣ የ3 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ትልቅ ምልክት ነው። ልዩነቱ ቢያንስም ግን ቤት አይቀመጡም።

ወጌሻውን ዛሬውኑ ያቁሙ! ለወለምታ ጎበዝ ይሆናል፣ አልክድም። የረጋ ደም ያለበትን ባት ማሸት ግን ጓጉሎ የተቀመጠውን ሊያላቅቀውና ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል። ድንገት ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ሲተነፍሱ ደረትዎን ከወጋዎት፣ ደም የቀላቀለ ሳል ከመጣ ወይም ራስዎን ከሳቱ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። “እስኪነጋ ልታገስ” የሚባል ነገር የለም።

ዲክሎፌናኩስ ማን አዘዘልዎት? የደም ግፊት ላለበት ሰው፣ ያውም ዘጠኝ ቀን! ግፊት ይጨምራል፣ ኩላሊትና ጨጓራ ይጎዳል፣ ሕመሙን አደንዝዞም ያዘናጋል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከታዘዘልዎት ደግሞ አብሮ መውሰዱ ለመድማት ያጋልጣል። “ለአውሮፕላኑ አስፕሪን ልዋጥ” ብለውም እንዳይጀምሩ።

ተስፋ አይቁረጡ፤ የረጋ ደም በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይታከማል፣ ብዙ ሰውም ታክሞ በኋላ ይበራል። መቼ እንደሚበሩ የሚወስነው እግርዎን ያየው ሐኪም ነው፤ የቲኬት ቀን ይቀየራል። ነገ ጠዋት የእግር ደም ሥር አልትራሳውንድ ወዳለበት ሆስፒታል ይሂዱ። የዲክሎፌናኩን ካርቶንም ይያዙና ለሐኪሙ ያሳዩት፤ አምሎዲፒኑን ግን በራስዎ እንዳያቋርጡ።