ስለ ትከሻ ጡንቻዎች ጠይቁኝ

ሰላም የጅማ ልጆች፣ ከሌላ ቦታ የምታነቡም ሰላም ናችሁ? እዚህ ጅማ ለጤና ተማሪዎች አናቶሚ አስተምራለሁ። ሰሞኑን ትከሻን ስለጀመርን ጥያቄው በዝቷል፣ እዚሁ አንድ ላይ ልመልሰው። መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል የብዙውን ሰው ነው እንጂ የሁሉንም አይደለም። ብዙ ችግር የሚመጣው ይሄ ሲረሳ ነው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሁለተኛ ዓመት ሜዲስን ነኝ። የኛ ግሩፕ ካዳቨር (ለትምህርት የሚቆረጥ አስከሬን) ላይ ባይሴፕስ፣ የክንድ ፊት ጡንቻው፣ ሦስት ራስ (መነሻ) አለው። ሁለት ነው የተማርነው። ስንቆርጥ አበላሽተነው ይሆን?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ሦስተኛ ራስ በብዛት ከሚገኙት ልዩነቶች አንዱ ነው። ከ100 ሰው 10 ያህሉ ላይ እንዳለ ይጻፋል፣ ቁጥሩ ግን ከአገር አገር በጣም ይለያያል። ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከላይ ከትከሻ ሳይሆን ከክንድ አጥንቱ መሃል አካባቢ፣ ኮራኮብራኪያሊስ የሚባለው የክንድ ጡንቻ ከሚያርፍበት አጠገብ ነው። እርግጠኛ ለመሆን መነሻውን ፈልጉ፣ ከዚያ ወደ ታች ተከተሉትና ከሌሎቹ ራሶች ጅማት ጋር መቀላቀሉን እዩ። ነርቩንም አትርሱ። በቢላ የተሰነጠቀ ጡንቻ አጥንት ላይ የራሱ መነሻ አይኖረውም፤ እውነተኛው ግን ይኖረዋል፣ የክንድ ፊት ጡንቻዎችን ከሚያንቀሳቅሰው ከመስኩሎኩታኒየስ ነርቭም ቅርንጫፍ ይደርሰዋል። እግረ መንገዳችሁን ይህ ነርቭ ኮራኮብራኪያሊስን በስቶ ማለፍ አለማለፉን እዩ፣ አንዳንድ ሰው ላይ ጨርሶ አይበሳውም። ሌላኛውንም ክንድ ክፈቱ። ቀኝ ላይ ያለው ግራ ላይ ላይኖር ይችላል። ያገኛችሁትን ለመምህራችሁ አሳዩና መዝግቡት። እባካችሁ ዝም ብላችሁ ቆርጣችሁ አትጣሉት።

ጥያቄ፦ ፈተና ላይ የማይመጣ ነገር ምን ይጠቅመናል?

መልስ፦ በጣም ይጠቅማል! የላንገርን ቅስት ልንገርህ። ካርል ላንገር የሚባል የኦስትሪያ አናቶሚስት በ1846 እ.ኤ.አ. የገለጸው ስለሆነ ነው በስሙ የሚጠራው። ከጀርባው ሰፊ ጡንቻ፣ ከላቲሲመስ ዶርሲ፣ አንድ ቀጭን የጡንቻ መስመር ተነስቶ ብብትን በማቋረጥ ወደ ትልቁ የደረት ጡንቻ፣ ወደ ፔክቶራሊስ ሜጀር፣ ወይም ወደዚያው አካባቢ ይሄዳል። ከ100 ሰው ወደ 7 ሲባል ነው የምንሰማው። የሚያልፈው በትልልቆቹ የደም ሥሮችና ነርቮች ፊት ለፊት ነው። አሁን የጡት ካንሰር ያለባት እናት ብብቷ ውስጥ ያሉት ንፍፊቶች በቀዶ ጥገና ሊወጡ ነው እንበል። ቅስቱን የማያውቅ ሐኪም የላቲሲመስ ጠርዝ መስሎት ድንበሩን ይስትና ከኋላው የተደበቁትን ንፍፊቶች ትቶ ሊወጣ ይችላል። ስተርናሊስ የሚባለው ደግሞ ደረት ላይ አልፎ አልፎ የሚገኝ ትንሽ ጡንቻ ነው፣ ማሞግራም (የጡት ራጅ) ላይ እጢ መስሎ ታማሚዋን በከንቱ ሊያስደነግጣት ይችላል። ስለዚህ ፈተናው አይጠይቅህ ይሆናል፣ ታማሚዋ ግን እጅህ ላይ ናት።

ጥያቄ፦ ቡና መጋዘን ጫኝና አውራጅ ነኝ። እጄን ወደ ላይ ሳነሳ ይደነዝዘኛል። ወጌሻ አሽቶኝ አልተሻለኝም። ሸክም ነው እንዲህ ያለ ትርፍ ጡንቻ ያበቀለብኝ?

መልስ፦ አይደለም ወንድሜ። ሸክም ያለህን ጡንቻ ያወፍራል እንጂ አዲስ አያበቅልም። እነዚህ ልዩነቶች ከእናት ማህፀን ጀምሮ ያሉ ናቸው። መደንዘዙ ከአንገት አጥንት ዲስክ ሊመጣ ይችላል፣ ነርቮቹ ከደረት አናት እስከ ትከሻ በሚዘረጋው አጥንት (ክላቪክል) እና በመጀመሪያው የጎድን አጥንት መሃል ሲጨመቁም ይመጣል። የላንገር ቅስት ነርቭ ሲጫን የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው። ከሩቅ ሆኜ የትኛው እንደሆነ ልነግርህ አልችልም። መታሸቱን አቁምና ሐኪም ይይህ። ክንድህ በድንገት ካበጠ ወይም ከጠቆረ ግን ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሂድ፣ ነገ አትበል።

ጥያቄ፦ ጂም እሠራለሁ፣ የቀኝ ደረቴ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ጠፍጣፋ ነው። ምንም ብሠራ አይሞላም።

መልስ፦ ከፔክቶራሊስ ሜጀር የታችኛው ክፍል ሲወለድ ጀምሮ የሌለው ሰው አለ። አልፍሬድ ፖላንድ ለንደን ውስጥ ተማሪ ሳለ በ1841 እ.ኤ.አ. ስለጻፈው ፖላንድ ሲንድሮም ይባላል። ወንዶች ላይና በቀኝ በኩል ይበዛል። በዚያው ወገን ያሉት የእጅ ጣቶችህ አጠር ያሉ ወይም የተጣበቁ ናቸው? ከሆነ ለሐኪም ንገር። ካልሆነም አንድ ጊዜ ታይተህ ብታረጋግጥ ጥሩ ነው። የሌለ ጡንቻ በክብደት አይመጣም፣ ስለዚህ በዚያ በኩል ብረት እየጨመርክ ትከሻህን አትጉዳ። ብዙዎቹ ክንዳቸው ሥራውን በደንብ ይሠራል።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። ዴልቶይድም (የትከሻው ጡንቻ) እንዲህ ከሰው ሰው ከተለያየ መርፌ የት ልውጋ?

መልስ፦ እህቴ፣ የተማርሽው ቦታ አይቀየርም። የትከሻውን ጫፍ አጥንት በጣትሽ ዳሺ፣ ከሱ ሁለት ወይም ሦስት ጣት ዝቅ በይና የጡንቻው መሃል ላይ ውጊ። ከፍ ካልሽ መገጣጠሚያው አጠገብ ያለውን ከረጢት ልትነኪ ትችያለሽ፣ በጣም ዝቅ ካልሽ ወይም ወደ ኋላ ከሄድሽ ደግሞ ነርቭ አለ። ቀጭን ሰው ሲሆን መርፌውን አጠር አድርጊ። ሸሚዙንም ሙሉ በሙሉ አስወልቂ፤ ኮሌታ ሳብ አድርጎ መውጋት ነው ቦታውን የሚያስተው።